የቤት ሶላር ገጣሚው የተስማሙበትን ውል ሲለውጥብዎ፦ ደረጃ በደረጃ ምን ያደርጋሉ?

የተፈረመው ለ20 ፓነል ነበር፤ ጣራው ላይ የወጣው 16 ነው። ወርሃዊ ክፍያው 130 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ከአበዳሪው የመጣው ወረቀት 190 ይላል። ወይም ደግሞ «የራሴ ንብረት» ብለው የፈረሙት ሶላር የ25 ዓመት ኪራይ ሆኖ ተገኘ።

በአሜሪካ ቤት ያላቸው አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ሲገጥማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው። ለሻጩ ይደውላሉ፤ እሱም «አይጨነቁ፣ አስተካክለዋለሁ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል የመሰረዣው ቀን ያልፋል፣ ፓነሉ ይገጠማል፣ ብድሩም ለድርጅቱ ይለቀቃል። ሻጩ የአገር ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ከሆነ ደግሞ ይሉኝታው ይጨመርበታል። ይሉኝታውን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። ከሰውየው ጋር የሚያጣላዎት ነገር የለም፤ ጉዳዩ በእርስዎና በአንድ ድርጅት መካከል ያለ የብዙ ሺህ ዶላር ውል ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የቆሙበትን ቦታ ይለዩ። ከፈረሙ ጥቂት ቀናት ብቻ ከሆነ ሰነድ ሳይሰበስቡ በቀጥታ ወደ ደረጃ 1 ይሂዱ። የመሰረዣው ጊዜ አልፎ ሥራው ካልተጀመረ ከደረጃ 2 ይጀምሩ። ሠራተኞቹ ነገ የሚመጡ ከሆነ ደረጃ 5ን አሁኑኑ ያንብቡ።

ደረጃ 1፦ የመሰረዣው ቀን ካላለፈ ዛሬውኑ ይሰርዙ

የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ቤትዎ ውስጥ የተደረገ የ25 ዶላርና ከዚያ በላይ ሽያጭን ያለ ምንም ምክንያት እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ የመሰረዝ መብት ይሰጥዎታል። ቀኑን ሲቆጥሩ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ እሑድና የፌደራል በዓላት አይቆጠሩም። ሐሙስ ከፈረሙ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ ሰኞ ሦስት ይሆናል፤ ስለዚህ እስከ ሰኞ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለዎት። አንዳንድ ግዛቶች ከዚህ በላይ ይሰጣሉ። ሜሪላንድ 5 የሥራ ቀን፣ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ደግሞ 7 የሥራ ቀን ትሰጣለች። በካሊፎርኒያ 65 ዓመት የሞላው ሰው 5 የሥራ ቀን አለው።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከውሉ ጋር የተሰጠዎትን የመሰረዣ ቅጽ ይፈልጉ። ሻጩ ሁለት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ካላገኙት ደብዳቤ ይጻፉ፤ «በዚህ ቀን የፈረምኩትን ውል ሰርዣለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስምዎ፣ አድራሻዎና ፊርማዎ ይበቃል።
2. ቀን ጽፈው ይፈርሙና የሁሉንም ገጽ ፎቶ ያንሱ።
3. በሰርቲፋይድ ሜይል ከመመለሻ ደረሰኝ ጋር ይላኩ። ዋናው ነገር ፖስታ ቤቱ የሚመታው ቀን ነው፤ ከመጨረሻው ቀን እኩለ ሌሊት ማለፍ የለበትም። ፖስታ ቤት ሄደው ማኅተሙ ሲመታ ይዩት እንጂ ምሽት ላይ መንገድ ዳር ሳጥን ውስጥ አይጣሉት።
4. ያንኑ ደብዳቤ በኢሜይል ለድርጅቱም ለአበዳሪውም ይላኩ። ብድሩ የተለየ ውል ስለሆነ የተለየ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ሻጩ «በስልክ ነግረኸኛል፣ ይበቃል» ቢልዎ አይቀበሉ፤ በስልክ የተባለ ስረዛ ማስረጃ የለውም። ድርጅቱ ስረዛው በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የከፈሉትን ሁሉ መመለስ አለበት።

ይህ መብት የማይሠራበት ቦታም አለ። ሽያጩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ብቻ ከተደረገ የፌደራሉ ደንብ አይሸፍንዎትም። በሌላ በኩል መኖሪያ ቤትዎ ራሱ የብድሩ መያዣ ከሆነ የብድር ግልጽነት ሕጉ በራሱ የሦስት ቀን የመሰረዣ መብት ይሰጥዎታል።

ቀኑ አልፎብኛል የሚል ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። የመሰረዣ ማስታወቂያው በእጄ ተሰጥቶኛል? እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ማስታወቂያው ካልተሰጠ የመሰረዣው ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው፦ ሻጩ ያስረዳኝ በምን ቋንቋ ነበር? የፌደራሉ ደንብ ውሉ ወይም ደረሰኙ ሽያጩ በተካሄደበት ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። ሳሎንዎ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ያስረዳ ሰው 40 ገጽ እንግሊዝኛ አስፈርሞ ከሄደ ደንቡን አላከበረም። ይህ ብቻውን ውሉን ያፈርሳል ብለው አይተማመኑ፤ ነገር ግን በአቤቱታዎ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይግባ።

ደረጃ 2፦ የፈረሙትን ትክክለኛ ሰነድ ያግኙ

ብዙ ሰው በእጁ ያለው የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ነው፤ ያ ባለ ቀለም፣ የጣራው ፎቶ ያለበት ወረቀት። እሱ ውል አይደለም። የሚከተሉትን በኢሜይል ይጠይቁ፦

— የተፈረመው የተከላ ውል፣ ከነአባሪዎቹ
— የብድር ወይም የኪራይ ውል
— ከዚያ በኋላ የተላኩ የውል ማሻሻያዎች ሁሉ
— የጣራው የመጨረሻ ንድፍ
— የኤሌክትሮኒክ ፊርማው መዝገብ

የመጨረሻውን አይዝለሉት። በታብሌት የተፈረመ እያንዳንዱ ሰነድ ሰነዱ ወደየትኛው ኢሜይል እንደተላከ፣ በስንት ሰዓት እንደተከፈተና እንደተፈረመ፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ገጽ መዝገብ ይኖረዋል። የማያውቁት የኢሜይል አድራሻ በስምዎ ተከፍቶ ከሆነ፣ ወይም 38 ገጽ በ50 ሰከንድ ውስጥ «ተነብቦ» ተፈርሞ ከሆነ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥራ ቦታ በነበሩበት ሰዓት የተፈረመ ማሻሻያም ያጋጥማል። ይህን ካገኙ ጉዳይዎ ከውል ክርክር አልፎ የፊርማ ማጭበርበር ይሆናል፤ ለፖሊስም ማመልከት ይችላሉ።

ድርጅቱ ሰነድ አልሰጥም ካለ ሌላ በር አለ። ለሶላር ተከላ የሚያስፈልገው የግንባታ ፈቃድ በካውንቲው ወይም በከተማው ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የፓነሉን ብዛት፣ የኢንቨርተሩን (የፓነሉን ኃይል ቤት ውስጥ ወደሚሠራ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን መሣሪያ) ዓይነትና የንድፉን ቀን ያሳያል። ለኤሌክትሪክ ኩባንያው የገባው የግንኙነት ማመልከቻም የሥርዓቱን መጠን ይዟል። ሁለቱንም እንደ ቤቱ ባለቤት ይጠይቁ።

የስልክ ንግግር በድብቅ ስለ መቅዳት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በሜሪላንድና በካሊፎርኒያ ሁሉም ተነጋጋሪዎች ካልፈቀዱ መቅዳት ወንጀል ነው። ይልቁንስ ስልኩን እንደዘጉ «ዛሬ በ3 ሰዓት የነገሩኝ ይህ ነው፤ ስህተት ካለ ይጻፉልኝ» ብለው ኢሜይል ያድርጉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ደረጃ 3፦ ለውጡን በቁጥር ያውጡ

«አታለሉኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። «ውሉ አንቀጽ 3 ላይ 8 ኪሎ ዋት ይላል፣ የተገጠመው 6.4 ነው» የሚል ያገኛል። አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ፤ በግራ የተፈረመውን፣ በቀኝ አሁን ያለውን ይጻፉ። የፓነል ብዛት፣ የአንዱ ፓነል ዋት፣ የምርት ስም፣ ኢንቨርተር፣ ባትሪ፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ወለድ፣ የክፍያ ዘመን፣ ዓመታዊ ጭማሪ፣ ባለቤትነት፣ ፓነሉ ያረፈበት የጣራ ጎን። በተለይ ጎኑን ይዩ። ወደ ደቡብ ሊሆኑ የነበሩ ፓነሎች በሰሜኑ ጎን ከተገጠሙ ብዛታቸው ሳይቀንስ የሚያመነጩት ኃይል በግልጽ ይቀንሳል።

ዋናው መለኪያ የአንድ ዋት ዋጋ ነው። ለምሳሌ 20 ፓነል በ400 ዋት ሲባዛ 8,000 ዋት ነው። ዋጋው 28,000 ዶላር ከነበረ አንዱ ዋት 3.50 ዶላር ነበር። ፓነሉ ወደ 16 ሲወርድ 6,400 ዋት ይሆናል፤ በዚያው ሒሳብ ዋጋው 22,400 ዶላር መሆን ነበረበት። ዋጋው ሳይነካ ከቀረ አንዱ ዋት ወደ 4.38 ዶላር ወጥቷል ማለት ነው። የ5,600 ዶላሩ ልዩነት የጥያቄዎ መነሻ ነው። ድርጅቱ ከዲዛይንና ከፈቃድ ጋር የተያያዘ የማይቀንስ ወጪ አለ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ከሆነ በዝርዝር ያሳይ።

የሚያመነጨውን ኃይል ለማነጻጸር ፒቪዋትስ የተባለውን ነጻ የመንግሥት ማስያ ይጠቀሙ። አድራሻውን፣ የሥርዓቱን መጠን፣ የጣራውን ተዳፋትና አቅጣጫ ሲያስገቡ ዓመታዊውን የኪሎ ዋት ሰዓት ግምት ይሰጥዎታል። አንዴ በድሮው ንድፍ፣ አንዴ በአዲሱ ይሥሩትና ሁለቱንም ውጤት ያትሙ።

ኪራይ ወይም የኃይል ግዢ ውል (ፓነሉ የድርጅቱ ሆኖ ኤሌክትሪኩን ብቻ የሚገዙበት) ከሆነ ዓመታዊ ጭማሪውን ያስሉ። ቋሚ 150 ዶላር የተባለ ክፍያ በየዓመቱ 2.9 በመቶ የሚጨምር ሆኖ ከተገኘ በ25ኛው ዓመት 298 ዶላር ገደማ ይደርሳል። አንዲት መስመር ናት የምትለወጠው፤ ብዙ ሰው የሚያያት ሁለተኛው ዓመት ሲገባ ነው።

ብድር ከሆነ ደግሞ የጥሬ ገንዘብ ዋጋውን በጽሑፍ ይጠይቁ። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኦገስት 2024 ባወጣው ሪፖርት በሶላር ብድሮች ውስጥ የሚደበቀው የአበዳሪ ክፍያ ዋጋውን ከጥሬ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በ30 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚያስወጣ ገልጿል። የወለዱ ማነስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ስለ ግብር ቅናሹም ይጠንቀቁ። ለቤት ባለቤቶች ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የፌደራል ቅናሽ በጁላይ 2025 በጸደቀው ሕግ ምክንያት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተጠናቀቀ ተከላ አይሠራም። ከዚያ ቀን ወዲህ ራስዎ ገዝተው ለሚያስገጥሙት «መንግሥት 30 በመቶ ይመልስልዎታል» ያለዎ ሻጭ የተናገረው እውነት አይደለም። በ2025 ፈርመው ድርጅቱ በቃሉ መሠረት ሳይጨርስ ዓመቱ ካለፈ ደግሞ ያመለጠዎትን ቅናሽ፣ በ28,000 ዶላር ላይ 8,400 ዶላር፣ እንደ ጉዳት መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህ ግን የማጠናቀቂያው ቀን በጽሑፍ መኖር አለበት።

ደረጃ 4፦ ለውጡን በጽሑፍ ይቃወሙ

አሁን ውሉን ይክፈቱና ስለ ለውጥ የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ብዙ ውሎች ድርጅቱ «ተመጣጣኝ ወይም የተሻለ» ዕቃ እንዲተካ ይፈቅዳሉ። አንዳንዶቹ ማሻሻያው ከተላከ ከተወሰነ ቀን በኋላ ዝም ካሉ እንደተስማሙ ይቆጥሩዎታል። ሌሎቹ ደግሞ ዋጋው ወይም የሚመነጨው ኃይል ከተወሰነ መጠን በላይ ከተለወጠ ያለ ቅጣት እንዲሰርዙ ይፈቅዱልዎታል፤ ይህን ማንም አይነግርዎትም። ቨርጂኒያ ዋጋን፣ ዕቃን፣ ሥራን ወይም ማጠናቀቂያ ቀንን የሚነካ ማንኛውም ማሻሻያ በጽሑፍና በሁለቱም ወገን ፊርማ እንዲሆን ፈቃድ ባላቸው ተቋራጮች ላይ ግዴታ ጥላለች።

ደብዳቤውን በቀላል እንግሊዝኛ ይጻፉ ወይም ልጅዎ ይጻፍልዎት፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. የውሉ ቀን፣ ቁጥርና አድራሻዎ።
2. የተስማማነው፦ (ከወረቀትዎ ግራ ጎን)።
3. የተለወጠው፦ (ከቀኝ ጎን)።
4. «ይህን ለውጥ አልተቀበልኩም፤ ዝምታዬም ስምምነት አይደለም።»
5. የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ። ወይ በመጀመሪያው ውል ይሠራ፣ ወይ ዋጋው በዚህ መጠን ይቀነስ፣ ወይ ውሉ ይሰረዝና ገንዘቤ ይመለስ።
6. የ10 ቀን ገደብ።
7. «እስከዚያ ድረስ ሥራ እንዳይጀመር፣ ብድሩም እንዳይለቀቅ።»

ለድርጅቱ በሰርቲፋይድ ሜይልና በኢሜይል ይላኩ፤ ቅጂውን ለአበዳሪው ያድርሱ። ስድብና ዛቻ አይግባበት፤ ይህን ደብዳቤ ነገ የሚያነበው ዳኛ ሊሆን ይችላል።

መልሱ አዲስ ሰነድ ሆኖ ከመጣ («ለማስተካከል እዚህ ጋ ይፈርሙ»)፣ ጠቅላላውን ሳያነቡ አይፈርሙ። አሮጌውን ቅሬታ የሚያስቀር አንቀጽ ከመካከል ገብቶ ይሆናል። «ሶፍትዌሩ እንዲቀጥል ብቻ ነው» የሚባል ፊርማ የለም።

ደረጃ 5፦ ሠራተኞቹ ደጅ ሲቆሙ

የሚመጡት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የንዑስ ተቋራጭ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ዋጋና ስለ ብድር የሚያውቁት የለም። ከእነሱ ጋር አይጨቃጨቁ። ከመኪናው ሲያወርዱ ግን ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ይዩ፦ የሞዴሉ ስም ውስጥ ዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ተጽፏል። ውሉ 400 ብሎ ካርቶኑ 370 ካለ አንድም ፓነል ጣራ ላይ ሳይወጣ ፎቶ ያንሱና «በጽሑፍ እስኪፈታ ሥራው ይቁም» ይበሉ። ለድርጅቱ ያንኑ ቃል እዚያው ቆመው በጽሑፍ መልእክት ይላኩ። ጣራው ከተበሳ በኋላ ማስቆም እጅግ ይከብዳል።

የሚፈርሙት የመጨረሻ ወረቀት የሥራ ማጠናቀቂያ ማረጋገጫ ነው። ለአበዳሪው «ገንዘቡን ልቀቅ» የሚለው እሱ ነው። የከተማው ተቆጣጣሪ ሳያልፈው፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያውም የማብራት ፈቃድ ሳይሰጥ አይፈርሙ። አበዳሪው ደውሎ «ሥራው አልቋል? ረክተዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ንግግሩ ይቀዳል፤ ሻጩ «ዝም ብለው አዎ ይበሉ» ቢልዎ እንኳ እውነቱን ይናገሩ። እዚህ ላይ የተባለ አንድ «አዎ» በኋላ በእርስዎ ላይ ተመልሶ ይቀርባል።

ክፍያም ላይ ይጠንቀቁ። ሜሪላንድ ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ትከለክላለች፤ ካሊፎርኒያ ከ1,000 ዶላር ወይም ከ10 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው በላይ አትፈቅድም። ቅድሚያውን በክሬዲት ካርድ ከከፈሉ ሒሳቡ ከተላከልዎት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መቃወም ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ አበዳሪውን አይልቀቁት

«እኛ ገንዘብ ነው ያበደርነው፣ ከተከላው ጋር ጉዳይ የለንም።» ይህን መልስ ሳይሰሙ የሚቀር የለም፤ ብዙ ሰውም እዚህ ተስፋ ይቆርጣል። የብድር ውሉን ይክፈቱና በትልልቅ ወይም በደማቅ ፊደል «ማስታወቂያ» ተብሎ የተጻፈውን አንቀጽ ይፈልጉ። በፌደራል ንግድ ኮሚሽን የ1975 ደንብ መሠረት ገጣሚው ራሱ ባገናኘዎት አበዳሪ በኩል ለግዢው የተሰጠ ብድር፣ በሻጩ ላይ ሊያነሱት የሚችሉትን ክርክር በአበዳሪውም ላይ እንዲያነሱ ያስችልዎታል። ከአበዳሪው ሊያስመልሱ የሚችሉት ግን በብድሩ ከከፈሉት አይበልጥም። ደንቡ ለኪራይ ውልና ለክሬዲት ካርድ አይሠራም።

ለአበዳሪው ያንን አንቀጽ ጠቅሰው የደረጃ 4ን ደብዳቤ ይላኩ። ክፍያ ግን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ የክሬዲት ታሪክዎ ይበላሻል፣ እዳ ሰብሳቢም ይመጣል። ጠበቃ ካላማከሩ በስተቀር «በተቃውሞ የተከፈለ» ብለው እየጻፉ ይክፈሉ።

ደረጃ 7፦ አቤቱታና ክስ

10 ቀኑ ካለፈ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል። ብዙ ግዛቶች በነጻ ያሸማግላሉ።
2. ለተቋራጮች ፈቃድ ሰጪው፦ በሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን፣ በቨርጂኒያ የተቋራጮች ቦርድ፣ በካሊፎርኒያ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ። ከዐቃቤ ሕጉ ይልቅ ድርጅቱን የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላልና። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፈቃድ ባለው ተቋራጭ ለተጎዳ ደንበኛ የሚከፍል ፈንድም አላቸው።
3. ብድር ካለ ለሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ። አቤቱታው ለአበዳሪው ይተላለፋል፤ አበዳሪውም አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቃል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በስልክ ሲደውሉ አስተርጓሚ ይጠይቁ።
4. ለፌደራል ንግድ ኮሚሽን። የእርስዎን ጉዳይ ለብቻው አይፈታም፤ ነገር ግን መዝገብ ይሆናል።

ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ (ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግል ዳኛ ይታይ የሚል) መኖሩን ያረጋግጡ። ከፈረሙ ገና ጥቂት ሳምንታት ከሆነ ከግልግሉ የሚወጡበት ገደብ፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀን፣ እዚያው ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ አንዲት ደብዳቤ ትበቃለች። ግልግል ቢኖርም የአነስተኛ ክስ ችሎት በአብዛኛው ክፍት ነው። በዚያ ችሎት ሊጠየቅ የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ በሜሪላንድ 5,000፣ በዋሽንግተን ዲሲ 10,000፣ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ 12,500 ዶላር ነው። በቀደመው ምሳሌ ያለው 5,600 ዶላር በዲሲ ይገባል፤ በሜሪላንድ ግን 600ውን ትተው በ5,000 መክሰስ ወይም በመደበኛው ችሎት ማመልከት ይመርጣሉ። ለችሎት የሚይዙት የደረጃ 3 ወረቀት፣ የደረጃ 4 ደብዳቤ ከነደረሰኙና ፎቶዎቹን ነው።

ድርጅቱ ከከሰረ

ይህ ሩቅ አይደለም። የሶላር ድርጅቱ ሰንፓወር በኦገስት 2024፣ ሌላው የሶላር ድርጅት ሰኖቫና አበዳሪው ሞዛይክ በጁን 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቀዋል። ከፍርድ ቤቱ የሚመጣ ፖስታ ካለ እንደ ማስታወቂያ አይጣሉት፤ የይገባኛል ጥያቄ የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ውስጡ አለ። ያን ቀን ካለፉ በድርጅቱ ላይ ያለዎት ጥያቄ ሊቀር ይችላል። የፓነልና የኢንቨርተር አምራቾች ዋስትና ግን ከገጣሚው የተለየ ስለሆነ አብሮ አይሞትም፤ የዕቃዎቹን መለያ ቁጥሮች አሁኑኑ ፎቶ አንስተው በአምራቹ ዘንድ በስምዎ ያስመዝግቡ። በአበዳሪው ላይ የደረጃ 6 ክርክርም ገጣሚው በመክሰሩ አይቀርም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ዋናው መንገድ እሱ ነው።